ድንኳን ከመትከልዎ በፊት መውረጃውን ይወቁ

የክረምቱ ዝናብ እየቀነሰ ሰማዩ ሲጠራ፣ ተራራውም አረንጓዴ እንደለበሰ ጥቅምት ሲጋመስ ከከተማ ወጣ ብሎ አየር መቀየር የሚሻው ሰው ይበዛል። ከሆቴል አልጋ ይልቅ ድንኳን ተክሎ፣ ኮከብ እየቆጠረ ማደርን የሚመርጠውም ጥቂት አይደለም። ጉዞው ለአእምሮም ለአካልም የሚሰጠው እረፍት ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ከፍታ ባለው ቦታ ማደር ከሜዳ ጉዞ የተለየ የጤና ዝግጅት ይጠይቃል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ የሚገኘው ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ሰፍሯል። ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን መኖሪያቸው እዚህ ነው። 4377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም በዚሁ ይገኛል። ከጎባ ከተማ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሪራና በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በአፍሪካ እጅግ ከፍ ካሉት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው።

ይህ መንገድ በዛሬው ጽሑፋችን ትልቅ ቦታ ይኖረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፍታ ላይ ሌሊቱን ክፉኛ ለታመመ ሰው ዋነኛው ሕክምና ወደ ታች መውረድ ነው። ለመውረድ ደግሞ የሚያስኬድ መንገድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመንገዱ ሁኔታ የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ተጓዥ የጤና ጉዳይ ነው።

አንድ መንገድ፣ ሁለት ወቅት

በባሌ ተራሮች ዝናቡ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። በዝናቡ ማብቂያ ላይ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት የተለያዩ ወቅቶችን ያገኛል።

ሳነቴ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል፤ ማታ ግን ሙቀቱን የሚይዝ ደመና ስለሌለ ቅዝቃዜው በፍጥነት ይወርዳል። ሌሊት ከዜሮ ዲግሪ በታች መውረዱና ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። ከአምባው በስተደቡብ ባለው የሐረና ደን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ዛፎቹ ፀሐይ ስለሚከልሉ የዝናቡ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም፤ ጉሙም ከሥር ተነስቶ መንገዱን ይሸፍናል። ከሳነቴ ወደ ሪራ የሚያወርደው ቁልቁለት ገደላማና ጥምዝምዝ በመሆኑ ጭቃና ጉም ሲገናኙበት ለማንም ሾፌር ፈተና ነው።

በመሆኑም «ዝናቡ አልቋል፤ መንገዱም ደርቋል» ብሎ መደምደም አይገባም። «ፀሐይ ነው፤ ቀለል ያለ ልብስ ይበቃል» ማለትም እንዲሁ ስህተት ነው።

ከፍታው በሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል?

በባሕር ዳርቻም ሆነ በተራራ አናት በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ 21 በመቶ ያህል ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። በ4000 ሜትር ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚሰጠን ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከምናገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህንን ለማካካስ ትንፋሽንና የልብ ምትን ያፈጥናል። ቀናት ሲሰጡት ይለማመዳል፤ ሲጣደፉበት ግን ይታመማል።

የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2500 ሜትር በላይ ይከሰታል። ዋናው ምልክቱ ራስ ምታት ሲሆን ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞር፣ ከመጠን ያለፈ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ይከተሉታል። ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ሕመሙ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ምልክቶቹ የሚታዩት ወዲያው እንደደረሱ ሳይሆን በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይተው ነው። እኩለ ቀን ላይ ሳነቴ ደርሶ ፎቶ ሲነሳና ሲጫወት የዋለ ሰው የሚታመመው ማታ ወይም ሌሊት ነው። ይህም መንገዱ ለመውረድ በሚከብድበት ሰዓት ማለት ነው።

አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ነዋሪዋ በተወሰነ ደረጃ ከፍታን ለምዷል። ይህ ግን ለ4000 ሜትር ዋስትና አይሆንም። ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ሰው፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ በማግስቱ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ስፖርተኛ መሆንም ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጉልበቱን የሚያምን ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣ ለሕመሙ ይጋለጣል። በአካባቢው ተወልዶ ያደገው አስጎብኚ ደህና ስለሆነ እርስዎም ደህና ይሆናሉ ማለት አይደለም።

ዋናው መከላከያ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ሲደርሱ የማደሪያዎን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ። የስሜን ተራሮችን በእግር የሚጎበኙ ሰዎች ከደባርቅ ተነስተው ሰንቀበር፣ ከዚያ ግጭ፣ ቀጥሎ ጭንቅ እያሉ ስለሚያድሩ ሰውነታቸው ደረጃ በደረጃ ይለማመዳል። በባሌ ግን መኪናው ከጎባ 2700 ሜትር ገደማ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ገደማ ከ4000 ሜትር በላይ ያደርሳል። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በጎባ ወይም በዲንሾ አሳልፎ ሳነቴን ቀን ቀን መጎብኘት ይመረጣል። ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር ነው ደንቡ።

ራስ ምታቱ ቀላል ከሆነ ባሉበት ማረፍ፣ ውኃ መጠጣትና ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፤ እስኪሻልዎ ግን አንድም እርምጃ ወደ ላይ አይጨምሩ። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ አይወሰዱ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መመገብ ክፋት ባይኖረውም መውረድን አይተካም። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል የሚታዘዘው አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒትም ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው።

አስቸኳይ የሚሆነው መቼ ነው? ሰውየው እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ አንድ እግሩን ከሌላው ፊት እያስቀደመ ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ካንቀላፋና አልነቃ ካለ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። አርፎ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለውና አረፋ የተቀላቀለበት ወይም ደም የነካው አክታ ካወጣ ደግሞ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ይነጥቃሉ። «እስኪነጋ እንይ» አይባልም። ቢያንስ ከ300 እስከ 1000 ሜትር ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ከሳነቴ እስከ ጎባ ያለው ቁልቁለት ከዚህም ይበልጣል፤ ጎባ ደግሞ ሪፈራል ሆስፒታል ያለበት ከተማ ነው። ታማሚው ብቻውን አይሂድ፤ በተቻለ መጠንም በእግሩ አይድከም።

ከሰል ወደ ድንኳን አይገባም

ብርዱ ሲጠና ብዙ ሰው የሚያስበው የከሰል ማንደጃውን ወደ ድንኳን ማስገባት ነው። በተራራ ላይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ ገዳዩ ይህ ነው። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። በዚህም የተነሳ ሰውነት ይታፈናል። ከፍታው አስቀድሞ ኦክስጅን ስላሳነሰበት ጉዳቱ ተራራ ላይ ይፈጥናል።

«ጭሱን ጨርሷል፤ ረመጥ ብቻ ነው» የሚለው ማሳመኛ ሰዎችን ያሳስታል። ጭስ የማይታይበት ፍም ጋዙን ማመንጨቱን አያቆምም። የድንኳኑን በር ትንሽ ከፈት ማድረግም በቂ መከላከያ አይደለም። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ለማብሰያ እንጂ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ለማሞቂያ አይሆንም። ቡናውም ራቱም ውጭ ይፈላ፣ ውጭ ይብሰል።

ችግሩን የሚያወሳስበው የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ምልክቶች ከከፍታ ሕመም ጋር መመሳሰላቸው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም በሁለቱም ይታያሉ። «ከፍታው ነው» ብሎ ተሸፋፍኖ የተኛ ሰው በዚያው ሊቀር ይችላል። በአንድ ድንኳን ያደሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ወይም ውጭ ሲወጡ የሚሻላቸው ከሆነ ጋዙን ይጠርጥሩ። ይሁን እንጂ ለመለየት ሲሉ ጊዜ አያባክኑ። ሁሉንም ሰው ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ፤ እሳቱን ያርቁ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርደው ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ይድረሱ። ራሱን ስቶ የነበረ ሰው ቢነቃ እንኳ መመርመር አለበት።

ሞተሩ በሚሠራ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መተኛትም ያው አደጋ አለው። በተለይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ከተቀረቀረና የጭስ ማውጫው ከታፈነ ጋዙ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ታዲያ በምን ይሞቃል? የፈላ ውኃን በደንብ በሚገጠም ጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ከመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ማስገባት ለሰዓታት ያሞቃል። ከመተኛት በፊት በቂ ምግብ መብላትም ሰውነት ሙቀት እንዲያመነጭ ያግዛል። ከምንም በላይ ግን ሙቀት የሚሰረቀው ከሥር ነውና ወፍራም ፍራሽ ወይም ምንጣፍ መሬቱ ላይ ማንጠፍ ሁለት ብርድ ልብስ ከላይ ከመደረብ ይበልጣል።

እርጥብ ልብስና አረቄ

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ አደገኛ ደረጃ ላይ ተደርሷል ማለት ነው። ለዚህ ውርጭ የግድ አያስፈልግም። በዝናብ ወይም በላብ የራሰ ልብስ ላይ ነፋስ ሲጨመር በቂ ነው። የጥጥ ልብስና ጋቢ ደረቅ ሲሆኑ ያሞቃሉ፤ ሲረጥቡ ግን ውኃውን ይዘው ሙቀት ይቀማሉ። ሱፍ ይሻላል። ላብ ሳያጠልቅዎ አንዱን ልብስ ማውለቅ፣ ሲቆሙ መልሶ መደረብ፣ ማታ ደግሞ ደረቅ ካልሲና ደረቅ የውስጥ ልብስ ቀይሮ መተኛት ይገባል።

መንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውየው ምላሱ ከተሳሰረ፣ እጁ አልታዘዝ ካለው ወይም ከተደናገረ ብርዱ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ቢያቆም ተሽሎታል ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው። ከነፋስ ይከልሉት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቀው በደረቅ ይተኩለት፣ ከሥሩ ያንጥፉለት፣ ራሱንና አንገቱን ይሸፍኑለት። ደረቱንና ብብቱን በሞቀ ጠርሙስ ያሙቁለት፤ ጠርሙሱ ግን እርቃን ቆዳ አይንካ። በደንብ የነቃና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ያለው ሞቅ ያለ ሻይ ይስጡት። እጅና እግሩን አይሹ፤ እሳት ዳርም አያስጠጉት።

«ብርድ በአረቄ ይመታል» የሚለው አባባል በሕክምና ተቀባይነት የለውም። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ በተግባር ግን የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያባክናል። ማስተዋልንም ስለሚቀንስ የጠጣው ሰው መታመሙን ራሱ አያውቅም።

መንገዱን የጤና ዕቅድዎ አካል ያድርጉት

ወደ አምባው ከመውጣትዎ በፊት በዲንሾ ወይም በጎባ የፓርኩን ሠራተኞች፣ ስካውቶችንና በዚያው ቀን ከወዲያ የመጡ ሾፌሮችን ይጠይቁ። ሰሞኑን ዘንቧል ወይ? የሪራው ቁልቁለት መኪና ያሳልፋል ወይ? ናዳ አለ ወይ? ጉሙ ስንት ሰዓት ላይ ይወርዳል? የአካባቢው ሁኔታስ ለማደር ይፈቅዳል ወይ? ከሳነቴ መውጫው ሁለት ነው፤ በሰሜን ወደ ጎባ፣ በደቡብ ወደ ሪራ። ዛሬ የትኛው ክፍት እንደሆነ ሳያውቁ ድንኳን አይትከሉ። ጭቃውን አልፈው ከደን ውስጥ ከሰፈሩ በኋላ ሌሊት ቢዘንብ መመለሻው እንደ መምጫው ላይሆን ይችላል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ተሰብስቦ ስለ ጤንነቱ ይጠያየቅ። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የጨመረበት አንድ ሰው እንኳ ካለ ብርሃን ሳለ ወርዶ ጎባ ማደሩ ይሻላል። አንድ ድንኳን መንቀል ሌሊት በጉም ውስጥ በሽተኛ ይዞ ከመንዳት እጅግ ይቀላል። ልጆች የሚሰማቸውን መናገር ስለማይችሉ ያለምክንያት መነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ ማለትና ማስመለስ እንደ ከፍታ ሕመም ይቆጠር።

ሾፌሩም ሰው ነው። ራሱን ያመመው ወይም ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ ሾፌር መሪ አይያዝ። ከቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰው መንዳት ቢችል ይመረጣል። ነዳጅ ከሮቤ ወይም ከጎባ ይሞላ፤ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና ቅያሪ ጎማ ይፈተሹ። ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ፍሬን ግሎ እንዳይከዳ ያደርጋል። ጠዋት በውርጭ የተሸፈነ መንገድ ያንሸራትታልና ፀሐይ እስክትወጣ መታገሥ ያስፈልጋል። መኪናው ማታ ሲቆም ፊቱን ወደ መውጫው ያዙር። የደኅንነት ቀበቶ ይታሰር፤ ፍጥነትም ይቀነስ። በሳነቴ አምባ መንገዱን የሚያቋርጡት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ቁጥራቸው ጥቂት ነው።

የስልክ ኔትወርክ በየቦታው ላይኖር ስለሚችል የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ ለፓርኩ ሠራተኞችና ለቤተሰብ ይንገሩ። ኔትወርክ ባለበት ሁሉ የቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ 907 ነው።

ውኃ፣ ፀሐይና ውሻ

የወንዝ ውኃ ጥርት ብሎ ቢታይም ከብት ከላይ ሊጠጣበት ይችላል፤ ሳይፈላ አይጠጣ። ከፍታ ላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከተንተከተከ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ይቆይ። በዚሁ ምክንያት ምስርና ሽሮ የመሳሰሉት ለመብሰል ጊዜ ይወስዳሉ፤ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ይዞ መሄድ ነዳጅም ጊዜም ይቆጥባል። ብርድ ቢሆንም የፀሐይ ጨረሩ ከፍታ ላይ ይበረታልና ባርኔጣ፣ መነጽርና የፀሐይ ቅባት አይረሱ። ውሻ ይዘው አይሂዱ። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የባሌ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ጨርሷል። ሰውንም ውሻ ቢነክስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ክትባት ለማግኘት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው።

ሐኪም ሳያማክሩ መውጣት የሌለባቸው

የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ከባድ የደም ማነስ ያለባቸው፣ የደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት በከፍታ የታመሙ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን እንዳይቀዘቅዝ ሌሊት ከሰውነታቸው አጠገብ ያኑሩት። አስም ያለባቸውም መድኃኒታቸውን ከኪሳቸው አይለዩ።

በአጠቃላይ ተራራ የሚፈራ ሳይሆን የሚከበር ነው። ቀስ ብለው ይውጡ፤ ደረቅ ሆነው ይተኙ፤ እሳቱን ከድንኳን ውጭ ይተዉ። ከታመሙ ይውረዱ። ለዚህም ሲባል ገና ሲወጡ የመውረጃውን መንገድ ይጠይቁ። መልካም ጉዞ!